ቅቤው ውሃ ሳይነካው፦ ምግብ ቤት ለምትከፍቱ ሁሉ

የቅበላ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ክትፎና ጥብስ የሚሰናበተው ሰው ሁሉ የሚመጣው በዚያ ምሽት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ የእቃ ማጠቢያው ውሃ አልወርድ አለ። ብዙም ሳይቆይ ከወጥ ቤቱ ወለል መውረጃ ግራጫ እጣቢ ሽቅብ ይመጣ ጀመር። አሜሪካ ውስጥ ፍሳሽ ወደ ወጥ ቤት ከተመለሰ ቤቱን ወዲያው መዝጋት ግዴታ ነው። ምግቡ ተደፋ፣ እንግዳው ተሸኘ። ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ቤት ከከፈትን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ለዚያ ምሽት ያደረሱንን ስህተቶች አንድ በአንድ የተረዳናቸው ዘግይተን ነው። ሁሉም ሊቀሩ የሚችሉ ነበሩ፤ እናንተ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው ምድጃው ሳይለኮስ፣ ውል ስንፈርም ነው። ቦታው ቀድሞ ሳንድዊች ቤት ነበር። አከራዩ «ግሪስ ትራፕ አለው» አለን፤ እኛም ካለው ይበቃል ብለን አለፍነው። ግሪስ ትራፕ ከማጠቢያው ስር ወይም ውጭ መሬት ውስጥ የሚቀመጥ ሳጥን ነው፤ እጣቢው ወደ ከተማው ቱቦ ከመሄዱ በፊት እዚያ ረጋ ይላል። ቅባት ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ፍርፋሪው ይዘቅጣል፣ ከመሐል ያለው ውሃ ብቻ ያልፋል። መጠየቅ ያለበት መኖሩ ሳይሆን መጠኑ ነው። የእኛው በደቂቃ 20 ጋሎን የሚያስተናግድ ነበር። በአሜሪካ በተለመደው መለኪያ እንዲህ ያለ ትራፕ የሚይዘው ቅባት በፓውንድ ሲቆጠር የፍሰቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ባለ 20 ጋሎኑ 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ግድም ይይዛል።

በእኛ ምግብ አስሉት። ትሪው፣ ድስቱና መጥበሻው ላይ የሚቀረው ቅቤና ዘይት ለአንድ ተመጋቢ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው ብንል 14 ግራም ያህል ይሆናል። በቀን 100 ሰው የሚስተናገድበት ቤት በቀን 1.4 ኪሎ ያወርዳል። 18 ኪሎ የሚይዝ ትራፕ በ13 ቀን ጢም ይላል ማለት ነው። እኛ የምናስጠርገው በሦስት ወር አንዴ ነበር፤ ቀዝቃዛ ሳንድዊች ለሚሸጠው ለቀድሞው ተከራይ የተወሰነ ጊዜ ነበርና ሳንጠይቅ ተቀበልነው።

ሁለተኛው ስህተት ሙቅ ውሃ ነው። ወጥ ቤታችንን የሚመሩትን እትዬን ስለ ቅቤ ማንጠሪያው ድስት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ የፈላ ውሃ ካልለቀቅኩበት መች ይለቃል?» አሉኝ። ከድስቱስ ይለቃል። የቅቤ ስብ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ የበሬ ጮማ ደግሞ 40ን ያልፋል። መሬት ውስጥ ያለ ቱቦ በተለይ በብርዱ ወራት ከዚህ እጅግ የቀዘቀዘ ነው። ማጠቢያው ላይ እንደ ውሃ ቀጥኖ የወረደው ቅቤ ጥቂት ሜትር ሄዶ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይረጋል። ሙቅ ውሃው ችግሩን እጃችሁ ከሚደርስበት ወደማይደርስበት ቦታ ነው የወሰደው። ትራፑም ውስጥ ያው ነው፤ ትኩስ ውሃ በላዩ ሲለቀቅበት የረጋውን ቅባት መልሶ ያቀልጥና ይዞት ይወጣል።

«ዘይትስ አይረጋም» የሚል ሰው አይጠፋም። ዘይት ባይረጋም ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ይሰባበራል፤ ከእሱ የሚወጣው የቅባት አሲድ ውሃው ውስጥና ኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይያዛል። የሚፈጠረው በውሃ የማይሟሟ፣ እየቆየ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር የሳሙና ዓይነት ነው። ለንደን ውስጥ ዋይትቻፕል ከሚባል ሰፈር ስር እ.ኤ.አ. በ2017 የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው፤ ሠራተኞች ለሳምንታት እየፈለጡ ነው ያወጡት። የአሜሪካ ፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ ከተመዘገቡት የቱቦ መደፈኖች 47 በመቶው በቅባት የመጡ እንደሆኑ አስፍሯል። ቱቦው ሲደፈን የሚገነፍለው ፍሳሽ ደግሞ ጎረቤት ምድር ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ ይገባል። እኛ አካባቢ የሞንትጎመሪንና የፕሪንስ ጆርጅስን ካውንቲዎች የሚያገለግለው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ዳብሊው ኤስ ኤስ ሲ በዚሁ በመገንፈል ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፌዴራሉና ከሜሪላንድ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት ገብቷል፤ ምግብ ቤቶችንም በቅባት ፈቃድ ይቆጣጠራል። ሌላ ቦታ ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ፤ ደንቡ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል።

ቱቦው ከቅበላው ወራት በፊት ጀምሮ ይነግረን ነበር። ማጠቢያው ሲለቀቅ የወለል መውረጃው ይንጎራጎር ነበር፤ ጠዋት በር ሲከፈት የሻገተ ቅቤ የመሰለ ሽታ ይቀበለናል፤ የማጠቢያው ሦስቱም ገንዳ አንድ ላይ ሲለቀቅ ውሃው ይዘገያል። ከእነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ። እኛ ግን ሽቦ እናስገባ ነበር፤ ያን የሚሽከረከረውን የቧንቧ ሠራተኛ ሽቦ። የረጋ ቅባት ውስጥ ሽቦ የሚያደርገው ነገር ሻማን በመርፌ መብሳት ነው። ቀዳዳ ይከፈታል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ቀዳዳው በጥቂት ሳምንት ተመልሶ ይጠባል። ግድግዳውን ራሱን የሚልጠው በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ነው፣ ጄቲንግ የሚሉት። ከጄቲንጉ በኋላ ካሜራ ይገባል፤ ቱቦው መሐሉ ላይ የረገበና ውሃ የሚያቁር ከሆነ ስንቴ ቢጠረግ እዚያው ይደፈናል። ለተደጋጋሚ ሽቦ የከፈልነው ገንዘብ ቀድሞ ለዚህ ቢውል ኖሮ ይበቃ ነበር።

ሽቦው ሲሰለቸን ደግሞ ወደ ጠርሙስ ዞርን። ቅባት ይበላል የተባለ ኢንዛይም በየማታው አፈሰስን። ትራፑን ስንከፍት ንጹሕ ሆኖ አገኘነው፤ ደስ አለን። ቅባቱ ግን አልተበላም። ኢንዛይምም ሆነ ቅባት አሟሚ ሳሙና ቅባቱን በጣም ጥቃቅን ጠብታ አድርጎ ከውሃው ጋር ያደባልቀዋል፤ እንደዚያ ሲሆን መንሳፈፍ ያቅተውና ትራፑን ያልፋል፣ ታች ሄዶ እንደገና ይገናኛል። ብዙ ከተሞች የሚከለክሉት ለዚህ ነው። መደፈኛ ይከፍታል የሚባለውን ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። ከቅባት ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሠራል፣ በላዩ ላይ ሽቦ ይዞ የሚመጣውን ሠራተኛ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ነገሩ የተገለጠልን በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት ነው። የመጡት ጠና ያሉ ቧንቧ ሠራተኛ መሣሪያቸውን ሳያወርዱ «በመጀመሪያ ትራፑን ክፈቱልኝ» አሉ። ክዳኑ ሲነሳ ግራጫ ቅርፊት ታየ፤ ጥፍር ሲጫነው እንደ ቀዘቀዘ ሞራ ይሰረጉዳል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ቀስ አድርገው ቁልቁል ገፉ፤ ቅርፊቱን ሲበሳ ላላ፣ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ታች ሊደርስ ሲል እንደገና ከበደ። አውጥተው ለኩት። የውሃው ጥልቀት 16 ኢንች ነው፤ ከላይ 5 ኢንች ቅባት፣ ከታች 4 ኢንች ዝቃጭ። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ነጭ ለስላሳ ጭቃ በጣታቸው ወስደው አሸተቱና ምን እንደሆነ ጠየቁን። ኮምጣጣ ነበር። የእንጀራ ሊጥ ነው።

ደንቡ ሩብ ነው፤ የላዩ ቅባትና የታቹ ዝቃጭ ተደምሮ የውሃውን ጥልቀት 25 በመቶ ከደረሰ ትራፑ መጠረግ አለበት። ለ16 ኢንች 4 ኢንች ማለት ነው። የእኛ 9 ነበር። መሐል ላይ የቀረው ውሃ በጣም ስላነሰ እጣቢው ለመርጋት ጊዜ አያገኝም፤ ሳጥኑ የቱቦ ማለፊያ ብቻ ሆኗል። ቅባቱን ብቻ እያየን፣ ከሞላው ግማሽ ያህሉ ሊጥና ሽሮ እንደሆነ አስበንም አናውቅ።

እኚሁ ሰው ሌላም አሳዩን። ከማጠቢያው ወደ ትራፑ በሚሄደው ቱቦ ላይ መግጠም ያለበት የፍሰት መቆጣጠሪያ የለም። ይህ ቀዳዳው ጠበብ ያለ፣ ከጎኑ አየር የሚስብ ትንሽ ዕቃ ነው። እሱ ከሌለ ሦስት ገንዳ ውሃ አንዴ ሲለቀቅ ትራፑ ከአቅሙ በላይ ይቀበልና የረጋውን ቅባት ጠርጎ ይወጣል። መውጫው ላይ ያለው መከለያም ተነቅሎ ከታች ወድቆ ነበር፤ ምናልባት ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ሳይመልሰው ቀርቶ ይሆናል። መከለያው ከሌለ ላይ የተንሳፈፈው ቅባት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቦታ ስትከራዩ እነዚህን ሁለቱን ካላያችሁ አትፈርሙ። በግድግዳው በኩል ያለው ቱቦ የት እንደሚሄድ፣ የወለል መውረጃዎቹና የወለል መወልወያ ውሃ የሚደፋበት ገንዳ ከትራፑ ጋር መገናኘታቸውን፣ ውጭ ያለው ትራፕ ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነም የሚያስጠርገው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡ።

መጠኑን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ገንዳ 18 በ18 ኢንች፣ ጥልቀቱ 12 ኢንች ነው እንበል። አንዱ 3,888 ኪዩቢክ ኢንች፣ ሦስቱ 11,664 ይሆናሉ። አንድ ጋሎን 231 ኪዩቢክ ኢንች ነውና ለ231 ስታካፍሉት 50 ጋሎን ተኩል ይመጣል። ገንዳ እስከ አፉ ስለማይሞላ ሦስት አራተኛውን ውሰዱ፤ 38 ጋሎን ገደማ። በአንድ ደቂቃ እንዲወርድ ከተፈለገ የሚበቃው ባለ 50 ጋሎን ትራፕ ነው፣ የሚይዘውም 100 ፓውንድ። በሁለት ደቂቃ ይውረድ ካላችሁ 19 ይሆንና ባለ 20 ይፈቀዳል፤ ብዙ ቦታ ርካሹን ለማስገባት የሚመረጠው ይህ ስሌት ነው። ቅቤ ለሚበዛበት ወጥ ቤት እኔ የአንድ ደቂቃውን ውሰዱ እላለሁ። ግቢ ካላችሁና ባጀቱ ከፈቀደ ውጭ የሚቀበረው የ1,000 ጋሎን ዓይነት የተሻለ ነው፤ ውሃው ውስጡ ቆይቶ ይቀዘቅዛል። የእቃ ማጠቢያ ማሽንን ከትንሹ የውስጥ ትራፕ ጋር አታገናኙ፤ ሙቀቱና ሳሙናው ያጠራቀማችሁትን ያወጣዋል። ማጠቢያው ስር የሚገጠመው የትርፍራፊ መፍጫም እንዲሁ።

አዲሱ ትራፕ ሲገባ ግማሹ ሥራ እንኳ አላለቀም ነበር። ደረጃውን ያለፈ ትራፕ በፈተና የሚጠበቅበት ቅባቱን 90 በመቶ ማስቀረት ነው፤ የቀረው ያልፋል። ትራፑ ሁለተኛ በር ነው። የመጀመሪያው በር ማጠቢያው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው፣ ያውም ውሃ ሳይነካው። እዚህ ላይ ነው እናቶቻችን የሚያውቁትን ምግብ ቤት ስንከፍት የረሳነው። ቤት ውስጥ ቅቤ ተነጥሮ ሲጠለል ድስቱ በእንጀራ ይጠረጋል፤ ማን የኮሰረት ሽታ ያለውን ድስት በውሃ ያጥባል? እትዬም ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ድሮም እንዲህ ነበር» አሉ። አሁን ድስቱ ለብ እያለ በደረቀ የእንጀራ ዳርቻ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ በወረቀት፣ ከዚያ ነው ወደ ማጠቢያ የሚሄደው። ድስቱ እስኪቀዘቅዝ አትጠብቁ፤ ከረጋ በኋላ የሚነሳው በመፋቂያ ብቻ ነው።

ትሪውም እንዲሁ። ከስር የተነጠፈውን እንጀራ ከዳር ጀምሮ ጠቅልሎ ትሪውን በእሱው እያበሱ ወደ ቆሻሻ መጣያ መክተት፤ ከየትኛውም ወረቀት ይልቅ ወጥ የሚመጥ እሱ ነው። ማጠቢያው ጉድጓድ ላይ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ወንፊት አድርጉ፤ በተሞላ ቁጥር ወደ ቆሻሻው እንጂ ገልብጦ ወደ መውረጃው አይደለም። የቡና አተላ ጭራሽ ገንዳ ውስጥ አይግባ።

ሊጡ የራሱ ወግ አለው። የሊጥ ባልዲ በላስቲክ መፋቂያ ከተፋቀ በኋላ በጥቂት ውሃ ይለቅለቅና እሱ ውሃ ለሚቀጥለው ሊጥ ማቅጠኛ ይሆናል። ከሊጡ ላይ የሚቀዳውን ቢጫ ውሃ ለእርሾና ለአብሲት አስቀምጡት። የተረፈውን ዝም ብላችሁ አትድፉት፤ ኮምጣጣነቱ በፒኤች ሲለካ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ወደ 4ና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ የፌዴራሉ ደንብ ደግሞ ከ5 በታች የሆነ ነገር ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ይከለክላል። የብረት ትራፕን የሚበላውም እሱ ነው። አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት፣ ዝቃጩን ለይታችሁ ጣሉ።

የተጠበሰበት ዘይት ከትራፕ ቅባት ጋር አይገናኝም። ቀዝቅዞ፣ ተጣርቶ፣ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጣል፤ ለባዮዲዝል የሚሰበስቡ አሉ፣ ውሃ ካልገባበት ይፈልጉታል። ከፈሰሰ ውሃ አታፍስሱበት፤ የድመት አሸዋ በትኑበትና ጥረጉት። ከምድጃ በላይ ያሉትን የጭስ ማጣሪያዎችና የወለል ላስቲኩን ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚያጥቡ አሉ። እዚያ ያለው መውረጃ የዝናብ ነው፤ ማጣሪያ ጣቢያ ሳይገባ ጅረት ውስጥ ነው የሚወጣው። በትራፕ ውስጥ በሚያልፍ ገንዳ እጠቡት።

የውስጡን ትራፕ ራሳችሁ የምትጠርጉ ከሆነ ጠዋት፣ ውሃ ሳይከፈት አድርጉት፤ ቅባቱ የረጋው ያኔ ነው። በርና መስኮት ክፈቱ። በዘንግ ለኩና ጻፉ። የላዩን በጠፍጣፋ ጭልፋ እያነሳችሁ ክዳን ባለው ባልዲ ክተቱ፣ ከዚያ ውሃውን ቅዱ፣ ከዚያ ዝቃጩን አውጡ፣ ግድግዳውን ፋቁ። ሙቅ ውሃና ሳሙና አይግባ። መከለያዎቹን በየቦታቸው መልሱ፤ የክዳኑ ላስቲክ ከተቀደደ ሽታው ሳሎን ይገባል፣ ለውጡት። በመጨረሻም ትራፑን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሙሉት። ባዶውን ትታችሁ ማጠቢያውን ከከፈታችሁ የመጀመሪያው ገንዳ ቅባት ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም። የሚጠርግ ድርጅት ከሆነ የሚመጣው፣ ሲሠራ ከጎኑ ቁሙ። ላዩን ብቻ ገፍፎ የሚሄድ፣ ወይም የቀዳውን ውሃ መልሶ የሚደፋ አለ። እስከ ታች ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው ደረሰኝ የምትፈርሙት፤ ደረሰኙን ለተቆጣጣሪ አስቀምጡ። ውጭ የተቀበረ ትራፕ ውስጥ ግን አንገታችሁን እንኳ አታስገቡ። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ክዳኑም ሁልጊዜ በብሎን ይታሰር፣ ልጆች ገብተው የሞቱባቸው አደጋዎች አሉ።

ቤታችሁ ለምታበስሉ፣ በተለይ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ለምትኖሩ፦ ከላይ እስከ ታች ያሉት ቤቶች የሚጋሩት አንድ ቁም ቱቦ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የተደፋ የዶሮ ወጥ እጣቢ የሚመለሰው ምድር ቤት ባለው ጎረቤት ማጠቢያ ነው። አንድ ክዳን ያለው ጣሳ ማጠቢያው አጠገብ ይኑር፤ የተረፈው ዘይትና ሞራ እዚያ ይርጋና ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። በዓል ሰሞን ጣሳውን ሁለት አድርጉት።

የማስጠረጊያ ቀናችንን የምንወስነው በአጽዋማት ነው። ለሁለት ወር በየሳምንቱ ስንለካ አንድ ነገር አየን፤ በጾም የላዩ ቅባት ይቀንሳል፣ የታቹ ግን በሽሮና በምስር ቶሎ ያድጋል። በፍስክ ይገለበጣል። ስለዚህ ላዩን ብቻ የሚያይ ሰው በሁዳዴ ትራፑ ደህና ነው ብሎ ይሸወዳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ሩቡ በዝቃጭ ተይዟል፣ በላዩ የሳምንቱ ቅቤ ይጨመርበታል። እኛ አሁን ለቅበላ ሳምንት ከመግባታችን በፊት ረቡዕ እናስጠርጋለን፣ በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ደግሞ እንደገና። በመካከሉ በየሰኞው ጠዋት ዘንጉ ይገባል፤ ሩቡ ከሞላ ቀኑን አንጠብቅም።